የረቡዕ ዓሣ

የታሰርሁት በገዛ እጄ መኪና አስቁሜ ነው። ሌላው ሰው በሩ ተሰብሮ፣ ወይም ከስብሰባ መሀል ተጠርቶ ታሰረ፤ እኔ እጄን አውጥቼ ለመንሁ። ጥፋቱ የጫማዬ ነበር። ከእግሬ አንድ ቁጥር የሚያንስ አዲስ ጫማ ገዝቼ፣ «ሲጫሙት ይሰፋል» ያለኝን ነጋዴ አምኜ፣ በፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት ቀኑን ሙሉ ሳነክስ ዋልሁ። ከሥራ ስወጣ ከጣና ዳር አንድ ደኅና ቆሮሶ ዓሣ ገዛሁ። ዓሣ አጥማጁ በመንጋጋው የደንገል ልጥ አሾልኮ አንጠለጠለልኝ። ከዘንባባዎቹ ሥር እያነከስሁ ስሄድ አንድ ላንድሮቨር ከኋላዬ መጣ። ዓሣውን በግራ እጄ ይዤ በቀኜ አስቆምሁት።

«ወንድሞቼ፣ እግሬን አሞኝ ነው፤ እባካችሁ ትንሽ ብታስጠጉኝ?»

ከፊት የተቀመጠው ሰውዬ ሰፈሬን ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ስሜን ጠየቀኝ፤ እስከ አያቴ ነገርሁት። ሥራዬን ማንም አልጠየቀኝም፤ እሱን በራሴ ፈቃድ ጨመርሁበት። «የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነኝ» አልሁ። ኃላፊም አልነበርሁም፤ ረዳት ነበርሁ። እሱና ከኋላ የተቀመጠው ሰው ተያዩ። ከኋላ ያለው በሩን ከፈተልኝ።

«ይገርማል» አለ የፊተኛው፣ መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ። «እኛም ወደ አንተ ቤት ነበር የምንሄድ።»

«እንኳን ተገናኘን!» አልሁት።

ሦስት ጊዜ አመሰገንኋቸው። ሦስተኛውን ያመሰገንሁት ወደ ቤቴ የሚወስደውን መታጠፊያ ካለፍነው በኋላ ነው።

ነገሩ፣ ከግምጃ ቤቱ አንድ እሽግ የጽሑፍ ማባዣ ስቴንስል ሳይመዘገብ ወጥቶ ነበር፤ በከተማው ግድግዳ ላይ የተቃውሞ ወረቀት በሚለጠፍበት ሰሞን። ለማን እንደሰጠሁት አውቅ ነበር። እነሱም እንደማውቅ ያውቁ ነበር። በኋላ በምርመራው ስለሆነው አልጽፍም፤ ያ ጫማ ከዚያ ወዲያ ጭራሽ አልገባኝም ካልሁ ይበቃል።

ግቢው እንደገባን አንድ ጠባቂ ዓሣውን ከእጄ ወሰደ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቆሮሶ ነው።»

«ለማን?»

«ለቤቴ ነበር።»

«በል ግባ» አለኝ። ዓሣው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ሄድን።

ክፍሉ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የበርበሬ መጋዘን ነው። በርበሬው ከተነሣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን አልተወረሰም። ግድግዳው ቀይ፣ የወለሉ ስንጥቅ ሁሉ ቀይ። አንድ ሰው ከተንቀሳቀሰ ሌላው ያስነጥሳል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ሃያ ያህል ሰው ዓይኑ ቀልቶ፣ እንባው ወርዶ ሲያየኝ ነው። በእኔ መታሰር ያዘኑ መስሎኝ ልቤ ተነካ።

የክፍሉ ተጠሪ የባንክ ሠራተኛ የነበረ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው። እንዴት እንደተያዝሁ ጠየቀኝ። «በድንገት» ብዬ አለፍሁት። ቀጥሎ እንደ ክፍሉ ልማድ የውጭ ወሬ ጠየቀኝ። እንግዲህ በሕይወቴ ሃያ ሰው ዝም ብሎ አዳምጦኝ አያውቅም። ቤቴ ውስጥ ያለን ሁለት ብቻ ነን፤ ከሁለታችን አንዷ አትሰማኝም። ደረቴን ነፋሁ።

«ዛሬ ጧት አንድ ተማሪ ከሐይቁ ዳር ከደንገሉ ውስጥ ተመትቶ ተገኘ» አልሁ። «ያወጡት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ወር ሙሉ ሲፈልጉት የነበረው ነው። ያ እንኳ፣ እጁን እስኪሰጥ ብለው አባቱን መያዣ ያደረጉበት፣ የደቅ ደሴቱ መሪጌታ ልጅ...»

ተጠሪው እጁን ወደ አፌ ዘርግቶ ነበር። ቀስ ብሎ መለሰው። አንድም ሰው አላየኝም፤ ሁሉም ወደ ጥግ አየ።

ጥግ ላይ ነጭ የጠመጠሙ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ከላይኛዋ ቀዳዳ የምትገባ አንዲት የብርሃን ዘንግ አለች፤ ከሥሯ ጨርቅ ዘርግተው የእንጀራ ቁራሽ እያገላበጡ ነበር። የኔታ ይሏቸዋል። ከሚደርሳቸው ምግብ በየቀኑ ግማሹን እያደረቁ ድርቆሽ ያስቀምጡ እንደነበር ኋላ ነገሩኝ። ልጄን ድንገት ይዘው ካመጡት ርቦት ነው የሚመጣ፣ ይሉ ነበር አሉ።

«ምን ለብሶ ነበር?» አሉኝ።

«አረንጓዴ ሹራብ... አሉ። እኔ አላየሁም፣ የኔታ። ወሬ ነው።»

«አረንጓዴ» አሉ። «እናቱ የሠራችለት ነው።»

ጨርቁን ከአራቱም ጫፍ ሰበሰቡና ቋጠሩት።

በአገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሐዘንተኛውን ግራና ቀኝ የሚደግፍ ጉልበታም ሰው ቆሞ ነው የሚነገረው። እኔ በር ላይ ቆሜ፣ አንድ ጫማዬን አውልቄ፣ በአንድ ትንፋሽ አረዳኋቸው። በዚያው ቅጽበት በበሩ ሥር የዓሣ ጥብስ ሽታ ገባ። የእኔው ነበር። ምራቄ መጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጥፎ ሰው አይቻለሁ፤ በዚያች ደቂቃ ራሴን የተጠየፍሁትን ያህል የተጠየፍሁት ግን የለም።

እነሱ ለገደሉት ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር። ቢሆንም ሰዎቹ አንድ በአንድ እየተነሡ በየኔታ ፊት ጎንበስ አሉ፤ «እግዜር ያጽናዎ» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ቦታ ስለሌለ አንዱ ሲነሣ ሌላው እግሩን ይሰበስባል። ግማሹ እንባውን ይጠርጋል። ጠባቂው በሩን ከፈተ።

«ምንድን ነው ለቅሶው?»

«በርበሬው ነው፣ ጓድ» አለ ተጠሪው።

ጠባቂው ሊናገር አፉን ከፍቶ ራሱ አስነጠሰ። ዘግቶ ሄደ። ያ በርበሬ የስንቱን ለቅሶ እንደሸፈነ እግዜር ነው የሚያውቅ።

የኔታ ግን አላለቀሱም። አልበሉም፣ አልተናገሩም። ሐሙስ እንዲሁ ዋሉ። ዓርብ ጧት ውኃ ቢያቀርቡላቸው ጣሳውን በእጃቸው መልሰው ገፉት። ተጠሪው ወደ እኔ ተጠግቶ ተቀመጠ።

«ባለፈው ወር አንድ ሰው እንዲሁ አፉን ዘግቶብን ነበር» አለኝ በሹክሹክታ። «በአምስተኛው ቀን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ነው ያወጣነው። እሳቸው ደግሞ ሽማግሌ ናቸው።»

ጥጉን በአገጩ አሳየኝ።

«ዛሬ ሣልስቱ ነው። ለቅሶ ቤት ቢሆን ሐዘንተኛ የሚያጫውት ሰው ይፈለግ ነበር። ተነሥና አጫውታቸው።»

«እኔ? እኔ እኮ ነኝ የ...»

«አዎን፣ አንተ ነህ። ያፈረስኸውን አንተው አንሣ።»

ሄጄ ከፊታቸው ተቀመጥሁ። የማውቀው ጨዋታ ሁሉ ከራሴ ጠፋ። የቀረኝ የደበቅሁት ውርደቴ ብቻ ነበር፤ እሱን አወጣሁት። ስለ ጫማው ነገርኋቸው፤ መኪና እንዳስቆምሁ፤ ኃላፊ ነኝ እንዳልሁ። የሳቀ የለም። «እንኳን ተገናኘን» ያልሁት ላይ ስደርስ አንዱ አስነጠሰ፤ ሌላ ምንም። ዓሣውን ጠባቂው እንደወሰደው ተናግሬ ጨረስሁ። መሬት መሬት አየሁ።

«ለመሆኑ» የሚል የደረቀ ድምፅ መጣ፤ «ዕለቱ ረቡዕ አልነበረም?»

ቀና አልሁ። የኔታ ናቸው።

«ረቡዕ... ነበር፣ የኔታ።»

«በጾም ቀን ነዋ ዓሣ አንጠልጥለህ ወደ ቤትህ የምትገሠግሥ!»

«ዓሣ እንኳ አያስገድፍም ይላሉ፣ የኔታ።»

«ማን ይላል?»

«ዓሣ አጥማጁ።»

ተጠሪው አፉን በነጠላ ያዘ።

«አየህ ልጄ» አሉ የኔታ፣ ከንፈራቸውን በምላሳቸው አርሰው፣ «ነፍስህ ልትጠፋ ስትል እግዜር መኪና ላከልህ። አንተም ሲያንስ አይደል፣ በሥላሴ ቁጥር ሦስት ጊዜ አመሰገንህ። ኃጢአቱ ከአንተ ወርዶ ወደ ጠባቂዎቹ ዞረ። ጠብሰው የበሉት እነሱ ናቸው።»

መጀመሪያ የፈነዳው ተጠሪው ነው። ከዚያ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተያያዘ። አንዱ ጉልበቱን ነከሰ፤ አንዱ ራሱን ጎረቤቱ ጀርባ ውስጥ ቀበረ። ከሳቃችን ብዛት አቧራው ተነሣ፤ እየሳቅን አስነጠስን፤ እያስነጠስን ሳቅን። የኔታ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድምፅ አልነበረውም፤ ኋላ ግን መጣ። በጉንጫቸው እንባ ሲወርድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የትኛው ሳቅ፣ የትኛው ለቅሶ እንደነበር አላውቅም። በርበሬም ይሆናል።

በሩ ተበረገደ።

«ማነው የሳቀ?»

ለለቅሶ ሰበብ ነበረን። ለሳቅ የለንም፤ በርበሬ አያስቅም። ሁሉም ደረቀ። መነሣት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ልነሣም ነበር፤ ጫማዬን እየፈለግሁ ነበር። ለራሴ እስከ ዛሬ የምነግረው እንዲህ እያልሁ ነው።

የኔታ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ።

«እኔ ነኝ።»

ጠባቂው ትክ ብሎ አያቸው። «አንተ? ልጅህ ሞቶ ትስቃለህ?»

የኔታ ጥምጥማቸውን በሁለት እጃቸው አስተካከሉ። «መሞቱን እናንተ አልነገራችሁኝም ነበር» አሉ። «አሁን አረዳኸኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ጠባቂው ክንዳቸውን ጨብጦ ያዘ። «ውጣ!» አላቸው። ግቢው መሀል፣ ጥላ በሌለበት፣ ፀሐይ ላይ አቆሟቸው። በበሩ ስንጥቅ እየተፈራረቅን እናይ ነበር። ሁለት ጊዜ ሊወድቁ ሲሉ አየሁ፤ አልወደቁም።

የብርሃኗ ዘንግ ከወለሉ ተነሥታ ግድግዳው ወገብ ላይ ስትደርስ መለሷቸው። ከንፈራቸው ተሰንጥቋል። ከቦታቸው ተቀመጡና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ዘጠኝ ሰዓት ሆነ?»

«አልፏል፣ የኔታ» አለ ተጠሪው።

ዓርብ ነው፤ ጾማቸውን ሳይገድፉ ነው የጠየቁት። ቋጠሮውን ፈቱ። ድርቆሹን ጣሳ ውስጥ ጨምረው ውኃ አፈሰሱበት፤ እስኪርስ ጠበቁ። ባረኩት። የመጀመሪያውን እፍኝ ወደ እኔ ዘረጉ።

«ብላ።»

«የኔታ፣ ይኼ እኮ የልጁ...»

«የማን እንደሆነ ከአንተ ይልቅ አውቃለሁ። ቀብሩ ላይ አልቆምሁም፤ ተዝካሩን ብላልኝ።»

በላሁ። የበርበሬ ጣዕም ነበረው። እሳቸውም በሉ፤ የቀረው ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ደረሰ። ሲጨርሱ ጣሳውን አራግፈው አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲህ ዕዳ አለብህ» አሉኝ። «አንድ ቆሮሶ። በፍስክ ቀን።»

ከዚያ ቀን በኋላ በክፍላችን አንድ ልማድ ተጀመረ። በየጧቱ አንድ ሰው በሕይወቱ የሠራውን ትልቁን ቂልነት ይናገራል። ጥፊ ያስከተለብን ቀን አለ፤ ያላሳቀን ቀንም አለ። የኔታ ፈራጅ ነበሩ። ብዙ ጊዜ አሸናፊው እኔ ነበርሁ።

ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ጧት በሩ ተከፍቶ ስማቸው ተጠራ። «ዕቃህን ይዘህ ውጣ።» ይህ ቃል ወደ ቤት ማለትም ነበር፣ ወደ ሌላ ቦታ ማለትም ነበር። ልጁ ስለሞተ መያዣ አያስፈልግም፣ ይለቋቸዋል አልን። እንዲያ ማለት ነበረብን። ዕቃቸው ያ ባዶ ጨርቅ ነው፤ አጥፈው በብብታቸው ያዙት። በሩ ላይ ቆም ብለው ፈለጉኝ።

«ረቡዕ እንዳይሆን» አሉ።

ከእሳቸው የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ይኼ ነው።

እኔ ከዓመት ከስምንት ወር በኋላ ተፈታሁ። ባለቤቴ በሩን ከፍታ ከራሴ እስከ ባዶ እግሬ አየችኝ። «ዓሣው የታለ?» አለች። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። በታሰርሁበት ጧት ዓሣ ይዤ እመጣለሁ ብያት ነበር፤ የምትሰማኝ ሴት መሆኗን ያን ቀን አወቅሁ።

እግሬ ሲጠግግ ወደ ደቅ ተሻገርሁ። ቃሌን ልፈጽም ብዬ አንድ ቆሮሶ በቅጠል ጠቅልዬ ይዣለሁ። ለደቅ ሰው ዓሣ ይዞ የሚሄድ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም፤ ባለ ጀልባው መንገዱን ሙሉ ሲስቅብኝ ሄደ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አንድ ካህን አገኘሁና ጠየቅሁት።

«አልመጡም» አለኝ። «ከወሰዷቸው ወዲህ አልመጡም።»

ጀልባው እስኪመለስ ከውኃው ዳር ተቀመጥሁ። ዓሣው ሸተተ። ለአሞራ ጣልሁት። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ እሱን እንኳ አልተሳሳትሁም።

የልጅ ልጄ የጤና ባለሙያ ናት። ሳቅ ለአእምሮ ጤና እንደሚበጅ ከትምህርቷ እያመጣች ታስረዳኛለች። እኛ ዘንድ ወንጀል ነበር፣ እላታለሁ። እሷ እንደምትለው ያድን እንደሆነ አላውቅም። የኔታ ስቀው ልጃቸው አልተነሣም። የሳቀ ሰው ግን ይርበዋል፤ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ።

መጋዘኑ ዛሬ የስልክ መሸጫ ሆኗል። በዚያ ሳልፍ ዛሬም ያስነጥሰኛል፤ እርጅና ነው ይሉኛል። ማታ ማታ ከውኃው ዳር እሄዳለሁ፤ ሰፊ ጫማ ነው የማደርግ። ዓሣ ሻጮቹ ያውቁኛል። «አባባ፣ ዛሬስ አንዷን ልጠቅልልዎ?» ይሉኛል። ዕለቱን እጠይቃቸዋለሁ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ አልፋለሁ፤ የፍስክ ቀን ከሆነም ትንሽ ቆሜ ዓሣውን አገላብጬ አየዋለሁ፤ ከዚያ አልፋለሁ። የምሰጠው ሰው የለም። አንድ ቆሮሶ አለብኝ።