የታቡ ስፋት አንድ ይሁን

እኔ ቢቸና፣ ጓደኛዬ ሞጣ ተቀምጠን ለትምህርት ቤቶች የፈተና ውጤት የሚያሰላ ፕሮግራም አብረን እንጽፋለን። ኔትወርክ ሲጠፋ ኮዱን በፍላሽ አድርገን ለአውቶቡስ ረዳት እንሰጣለን። ስንት ዓመት እንዲህ ስንላላክ ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም፤ ሰይጣን ሌላ በር ሲያጣ በታብ በኩል ገባ።

ኮድ ሲጻፍ በሌላው ሥር ያለ መስመር ወደ ቀኝ ገባ ብሎ ይጀምራል። እኔ የማስገባው አራት ጊዜ ስፔስ እየመታሁ ነው። እሱ ግን ሁሉንም በአንድ ምት ገባ በሚያደርገው በታብ ቁልፍ ለውጥልኝ አለ። ስፔስ በማንም ስክሪን ላይ ያው ነው፤ የታብን ስፋት ግን ሰው ሁሉ ኮድ በሚጽፍበት ኤዲተር እንደፈቀደ ያስተካክለዋል። የእሱን የአንድ ስፔስ ያህል ሊያደርገው ነው። እንዲህ ያለ ቁጠባ በዐቢይ ጾምም አላየሁ። ባዶ ቦታም ግብር ተጣለበት ወይ ብዬ በስልክ ቀለድኩ። ወትሮ ሳቁ መሃል መንገድ ላይ ያለችው ግንደወይን ድረስ ይሰማ ነበር፤ ያን ዕለት ሳይስቅ ስልኩን ዘጋው። ነገሩ አላስተኛኝም፤ በማግስቱ ወደ ሞጣ ተሳፈርኩ።

ቤቱ ስገባ ኮምፒውተሩ ክፍት ነው። ፊደሉን ከማግዘፉ የተነሳ ስክሪኑ ላይ ያለውን አንዱን ጥማድ በሬ አይጎትተውም። ገባ ገባ ያሉት መስመሮች በእኔ ስፔስ ተገፍተው ከስክሪኑ ወጥተዋል። ጓደኛዬ አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ለጥፎ፣ ጭንቅላቱን ከጥግ ጥግ እያንቀሳቀሰ ያነባል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ዝም ብለህ ታቡን አስተካክል።»

ዐይኑ እየደከመ መሆኑን ቆይቶ ነገረኝ። የሚያሠራን መሥሪያ ቤት ካወቀ እንጀራዬ ይቆረጣል ብሎ ፈርቷል። ለሚስቱም አልነገራትም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስፔሱን ሁሉ በታብ ለወጥኩና ስፋቱን አንድ አደረግኩለት። መስመሮቹ ወደ ግራ ተሰብስበው ስክሪኑ ውስጥ ገቡ። ደስ ብሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ወዲያው ግን በአንድ ታብ ገባ ያለውን መስመር ከላይኛው ጋር እኩል ነው አለ። ያቺን ታህል ክፍተት አላያትም።

«ባሕር ዳር፣ ዐይን ሐኪም ዘንድ እንሂድ» አልኩት።

«የባሕር ዳሩ መንገድ ተዘግቷል፤ ሲከፈት።»

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች፤ መቼ እንደመጣች አላወቅንም።

«መንገዱማ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ክፍት ነው» አለችው ቀስ ብላ። «ልብስህንም አዘጋጅቻለሁ።»

ወደ ድምፅዋ ዞረ። ዐይኖቹ ያረፉት ግን ከእሷ ትንሽ ወዲህ፣ ግድግዳው ላይ ነበር።