ለፊልም የተለቀሰው ልቅሶ

ባሌ መርሻ ውሸታም ነው። ከኋላው እያማሁት አይደለም፤ ያው እዚያ ጥግ ተቀምጦ ፎቶ እያደረቀ ይሰማኛል። ጅቡቲ ውስጥ ፎቶ አንሺውን መርሻን የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ ክፉ ሰው ነው የሚል ግን አንድም አታገኙም። የእሱ ውሸት ሰው እንዳይከፋው ብሎ የሚዋሸው ነው። እኔን የጎዳኝም ይኸው ነው።

አባቱ የባቡሩ ሐዲድ ሲዘረጋ ከሸዋ ወርደው እዚሁ የቀሩ ሠራተኛ ነበሩ። መርሻ ከጣቢያው በታች አደገ፤ ፈረንሳይኛውን ከጣቢያ ሠራተኞች፣ ሶማልኛውን ከሰፈር ልጆች ለቀመ። ፎቶ ማንሳት ያስተማሩት አንድ ሽማግሌ አርመን ናቸው። እሳቸው ሲሞቱ ካሜራውን ከነሦስት እግሩ ወረሰና ካርቲየ 3 የሚሉት የሐበሻ ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራየ፤ አንዱን ማንሻ፣ ሌላውን ጨለማ ክፍል አደረገው። የዚህ አገር ውሃ ከቧንቧው ሲወርድ ትኩስ ነው፤ ፎቶ ካጠቡበት ሥዕሉ ከተነሳበት መስታወት ላይ እንደ ቅቤ ቀልጦ ይወርዳል። ስለዚህ መርሻ በየጠዋቱ በጆንያ የተጠቀለለ በረዶ ተሸክሞ ሲሮጥ ነው የሚታየው።

ደንበኞቹ አገር ቤት ላለ ዘመድ ፎቶ የሚልኩ ሰዎች ናቸው። አንድ ኮት፣ አንድ ክራቫትና አንድ ጥንድ ጫማ ግድግዳ ላይ ሰቅሏል፤ የወደብ ተሸካሚው ያንን ለብሶ ሹም መስሎ ይነሳል። ፈንጣጣ የበላውን ፊት በእርሳስ ያለሰልሰዋል። አንዴ ወባ የጣለውን ሰው፣ መቆም ያቃተውን፣ ከኋላው በጣውላ ደግፎ አነሳው። የሰውየው እናት ፎቶውን አይታ «ልጄ ወፈረ» ብላ እልል አለች አሉ፤ ልጅዬው ግን በሳምንቱ ሞቷል። እኔ ስቆጣ መርሻ «ምን ላድርግ፣ የውቤ? እናት እኮ ናት» አለኝ።

እኔ የውብዳር እባላለሁ። እናት አባታችን ቶሎ ሞተውብን ከድሬዳዋ በእጄ ይዤው የመጣሁት አንድ ወንድም ነበረኝ፤ በዕውቀቱ ይባላል። ፈረንሳዮች ቤት ልብስ እያጠብኩ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እህቱም እናቱም ነበርኩ። ሲጎረምስ መሬት አልበቃው አለና መርከብ ላይ ከሰል ማጋዝ ያዘ፤ ከምድጃው ሥር ቆሞ እሳት የሚቀልብ ሠራተኛ ሆነ። ከመሄዱ በፊት መርሻ አነሳው፤ ፎቶውን አሳድጎ፣ በክፈፍ አድርጎ በመስኮቱ ላይ ሰቀለው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ፎቶ አላነሳም። ኮቱ የመርሻ፣ ፈገግታው የራሱ።

በየሁለት ወሩ በመርሻ አድራሻ ደብዳቤ ይመጣ ነበር። በ1926 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ቀረ። ያኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር፤ ከእሷ በፊት ሁለት አስወርዶኛል። በየቀኑ «ደብዳቤ መጣ?» እላለሁ፤ መርሻ «መርከቡ መንገድ ቀይሮ ይሆናል» ይለኛል። አንድ ቀን ደግሞ ፎቶውን ከመስኮቱ አውርዶት አገኘሁት። «ፀሐይ እንዳያነጣው ነው» አለ። ስድስት ዓመት ያላነጣችው ፀሐይ! ፈራሁ፤ ግን እርጉዝ ሴት ብዙ ያስፈራታል ብዬ ተውኩት።

በሐምሌ ፊልም አንሺዎቹ መጡ። አዲስ አበባ ሊወጡ ከመርከብ ሲወርዱ ጎርፍ ሐዲዱን ቆርጦት ባቡር ቆመ። አራት ፈረንሳዮች ነበሩ፤ አለቃቸውን ሁላችንም «ሙሴ» ነበር የምንለው። ሙቀቱ ፊልማቸውን አበላሽቶት እንደሆነ ቁራጭ ቁራጩን እያጠበ የሚያሳያቸው ሰው ፈልገው መርሻ ዘንድ ደረሱ። መርሻ ተደሰተ ማለት አይገልጸውም! «የእኔ ሰው ትንፋሹን ውጦ ይቀመጣል፤ የእነሱ ግን ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይስቃል» እያለ እርጥቡን ፊልም በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዞ ይቆማል። እኔ ግን ሙሴን ገና ሳየው አልወደድኩትም፤ ሲያናግርህ ዓይንህን ሳይሆን የሚያየው የምትቆምበትን ብርሃን ነው።

ሥራ መፍታቱ ሲሰለቸው ሙሴ «እዚሁ አንድ የሐበሻ ነገር እናንሳ። ሠርግ ወይም ልቅሶ» አለ። መርሻ ፈጠን ብሎ «ልቅሶ» አለው። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ሬሳው ከሌለ ልብሱና ፎቶው ተቀምጦ እንደሚለቀስለት አስረዳው። ሙሴ ጭኑን መታ። «ፎቶውስ?» ቢለው፣ መርሻ ወደ ጓዳ ገብቶ የበዕውቀቱን ፎቶ ይዞ ወጣ።

ጮህኩ። «አብደሃል እንዴ! በሕይወት ያለ ሰው ይለቀሳል? በወንድሜ ላይ ልታሟርት?»

«ፎቶ ነው እኮ፣ የውቤ። ሌላ ትልቅ ፎቶ የለኝም።»

«የራስህን አሳድግና ይልቀሱልህ!»

መርሻ በትዳራችን ዘመን እምቢ ስለው እሺ የሚል ሰው ነበር። ያን ቀን ግን እጄን ይዞ «በሞቴ፣ ይህችን አንድ ነገር ተይልኝ» አለኝ። የወንድሜ ስም እንዳይጠራ አስምዬው፣ እሱም «አንቺ ብቻ ከቤት እንዳትወጪ» ብሎኝ ተለያየን።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ቤት መቀመጥ አልቻልኩም፤ ወንድሜን ማን ምን እንደሚለው በጆሮዬ ልስማ ብዬ ሆዴን ተሸክሜ ወጣሁ። ከጨው ሜዳው ዳር ያለው ባዶ ቦታ ላይ ድንኳን ተጥሏል። የካርቲየው ሐበሻ ሁሉ አለ፤ የባቡር ሠራተኛው፣ በየፈረንሳዩ ቤት የሚያገለግሉት ሴቶች ሁሉ። ሙሴ ለእያንዳንዳቸው የቀን ዋጋ እከፍላለሁ ቢል አንዳቸውም አልተቀበሉም አሉ። ገርሞኝ ነበር፤ የእኛ ሴቶች ከመቼ ወዲህ ነው ለፈረንጅ በነፃ የሚሠሩት? ነጠላቸውን ሁሉም አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ቄሱም አሉ፤ እሳቸውን ደግሞ ለፊልም ማን ጠራቸው? እኔን ሲያዩ ጨዋታው ሁሉ ቆመ። አንዷ ዓይኗን ከእኔ ወደ ሆዴ፣ ከሆዴ ወደ መሬት መለሰች።

መሀል ላይ የወንድሜ ፎቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ሲነሳ የለበሰው የመርሻ ኮት ተዘርግቷል፤ መርሻም የራሱን ካሜራ በጎን ተክሏል።

ሙሴ እንባ እንዲመጣላቸው የተከተፈ ሽንኩርት በሳህን ይዞ ዞረ። እትዬ ወርቅነሽ ጋ ሲደርስ እጁን ገፋችው። እትዬ ወርቅነሽ የአንድ ፈረንሳይ ሹም ወጥ ቤት ናት፤ ጅቡቲ ውስጥ የሚሞት ሐበሻ ሁሉ ግጥሙን የሚያገኘው ከእሷ አፍ ነው። ካሜራው መንቀርቀር ሲጀምር ተነስታ ደረቷን እየመታች እንዲህ አለች፦

ባሕሩን ተሻግሮ ሲሄድ ያየው ሰው፣
በጨው ውሃ መሀል ማን አፈር አለበሰው?

ክው አልኩ። ድንኳኑ በሙሉ ጮኸ፤ ለፊልም የሚጮህ ጩኸት አይደለም፣ አንጀት የሚበጥስ ነው። «አንቺ ሟርተኛ!» ብዬ ልሄድባት ስል መርሻ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። እሱም ያለቅሳል። «ምን ሆነህ ነው አንተ?» አልኩት። «ሽንኩርቱ ነው» አለኝ።

ይሄኔ አቶ ኃይለማርያም ብድግ አለ። ኃይለማርያም የጣቢያው ዕቃ ቤት ኃላፊ ነው፤ ወፍራም፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቀልድ የማይለየው ሰው። በዕውቀቱን መርከብ ላይ ያስቀጠረው እሱ ነው። «ወንድሜን! እኔ ነኝ የበላሁህ!» እያለ ተንደርድሮ መጥቶ ኮቱ ላይ ተደፋ፤ ባርኔጣው ተንከባሎ ከሙሴ እግር ሥር ቆመ።

እኔም እፎይ አልኩ። ቀልደኛው ኃይለማርያም ከገባበትማ በእርግጥ ጨዋታ ነው! ስንት ወር የያዘኝ ፍርሃት ባንዴ ለቀቀኝና ሳቅ ፈነዳብኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። «አይ ኃይለማርያም፣ አንተ እኮ አክተር ነህ!» አልኩ። ከእኔ ጋር አንድም ሰው አልሳቀም። ሙሴ ብቻ በጣቱ ምልክት ሰጠና ካሜራው ከፎቶው ላይ ተነስቶ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። መርሻ የራሱን ካሜራ ትቶ ሮጦ ከፊቱ ሊቆም ሞከረ፤ ሙሴ በትከሻው ገፋው።

በሳምንቱ ሐዲዱ ተጠግኖ ፊልም አንሺዎቹ ወጡ። እኔ መስከረም ላይ ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ኢትዮጵያ አልናት። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሳች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ፤ ስከፍት ቄሱ፣ አቶ ኃይለማርያም፣ እትዬ ወርቅነሽ፣ ከኋላቸውም ሰፈሩ ሁሉ ተሰልፏል። ሐበሻ በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ ማን ያጣዋል? መርዶ ነው።

«በዕውቀቱ?» አልኩ። ማንም ስሙን አልነገረኝም፤ እኔው ነኝ ያልኩት።

ከፋሲካ ማግስት ነው የሞተው። ምድጃው ሥር ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ብረት አስረውበት ቀይ ባሕር ውስጥ ጣሉት። ያለ ፍትሐት፣ ያለ መቃብር። ሞቱን የሚነግረው ደብዳቤ ለመርሻ ደረሰ፤ መርሻ ሦስተኛዋም እንዳትወርድብኝ ብሎ ኪሱ ከተተው። ለእርጉዝ ሴት መርዶ አይነገርምና ሰፈሩም አብሮት ዝም አለ። ግን የልጁ ነገር አላስተኛቸውም፤ አፈር ያላገኘ ሰው እንባ እንኳን ይጣ? እኔ ደግሞ ሳልሰማ ድንኳን መጣል አይቻልም። ፊልሙ ሲመጣ መርሻ መላ ያገኘ መሰለው። መላውን ለሰው ሁሉ ነገረ፤ ሞቱ እውነት መሆኑን ለሙሴም ጭምር ነገረ፣ ለፎቶው ክብር እንዲሰጥ ብሎ። «የምትስቀው እህቱ ናት፣ አታውቅም፣ አታንሳት» ብሎ እንደለመነውም በኋላ ነገረኝ።

አለቀስኩ ልበላችሁ? አፌ እንቢ አለ። ልጮህ ስል ያ ሳቄ ከጉሮሮዬ እየቀደመ ይመጣል። እትዬ ወርቅነሽ አጠገቤ ተቀምጣ አንድ ግጥም እንኳን ሳይወጣት «ያኔ ጨረስኩት እኮ፣ ልጄ» አለችኝ። ሦስት ቀን እንደ ግንድ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን መርሻ በልቅሶው ዕለት በራሱ ካሜራ ድንኳኑን ያነሳበትን መስታወት፣ ኔጌቲቩን፣ ይዞ መጣ፤ እኔም ስስቅ የገባሁበትን። ዓይኔ እያየ ሰበረው።

«ይኸው ጠፋ» አለ።

«የፈረንጁስ?»

መርሻ ብዕሩን አነሳ። ወደ ፈረንሳይ ሦስት ጊዜ ጻፈ፤ ያንን ቁራጭ ቆርጠው እንዲጥሉለት ለመነ። ማንም አልመለሰለትም።

በ1928 የጣሊያን ጦርነት ሲነሳ ፈረንጅ ሁሉ ሐበሻ ማየት አማረውና ፊልሙ ሄዶ ሄዶ ጅቡቲም ደረሰ። መርሻ እንዳልሰማ ያልሆነው የለም፤ ማስታወቂያውን ከየግድግዳው ሳይቀድ አልቀረም። አዲስ ውሸት! እኔ ግን ከገበያ ሰምቼ ነበር። ልጄን ለእትዬ ወርቅነሽ ሰጥቼ ሄድኩ። መርሻም እግር በእግር ተከትሎኝ ገባ፤ አጠገቤ ተቀመጠ።

ሲኒማ ቤቱ በፈረንሳይ ወታደር ተሞልቷል። በመጀመሪያ ተራራ፣ በቅሎ፣ ገበያ አሳዩ። ከዚያ ድንኳኑ መጣ። በዕውቀቱም መጣ፤ ግድግዳውን ሞልቶ፣ ጥርሱ እንኳን ከእኔ ክንድ ይበልጣል፣ በዚያ በመርሻ ኮት ፈገግ ብሎ። ወዲያው እኔ መጣሁ። ሆዴን ይዤ፣ ጥርሴን ገልጬ፣ እየተንፈራፈርኩ ስስቅ።

አንድ ድምፅ በፈረንሳይኛ ይተርካል። ፈረንሳይኛ የሰው ልብስ ሳጥብ ተምሬዋለሁ፤ አንድም ቃል አላመለጠኝም። «ሟቹ ወንድሟ ነው» አለ፣ «እህቱ ግን ትስቃለች። በዚህ አገር ሰዎች ለሞተ አያዝኑም።» ወታደሮቹ አብረውኝ ሳቁ።

ያኔ ነው የወጣልኝ። ተነስቼ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ። «ወንድሜን!» አልኩ፤ ደረቴን እየመታሁ፣ ስሙን እየጠራሁ፣ ሁለት ዓመት የታፈነውን ሁሉ ጮህኩ። ወታደሮቹ ዞረው አዩኝ፤ አንዱ «አስወጧት!» አለ፤ ሌላው የፊልሙ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። በረኛው እጄን ሊይዝ ሲመጣ መርሻ ተነስቶ መሀላችን ገባ። እኔን ዝም በይ አላለኝም፤ ራሱን ይዞ አብሮኝ አለቀሰ። ግድግዳው ላይ ያለችው እኔ ግን መሳቋን አላቆመችም።