ስሚዝ ማለት ቀጥቃጭ ነው

በየዓመቱ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ እንግሊዝኛ ሳስተምር አንድ ቀን «ስሚዝ» የሚለውን ስም ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ጽፌ ሳልጨርስ የከሰል ጭስ ይሸተኛል፤ የጋለ ማረሻ ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅም ጆሮዬ ላይ ይመጣል። ምክንያቱን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም። ነገርን በቅደም ተከተል ማስረዳት ስለምወድ እዚህ ከመጀመሪያው ልነሳ።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ሰቆጣ ከተማ ዳር፣ ወደ ደሃና በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። አባቴ ቀጥቃጭ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን አስቀምጬ በቀጥታ ወናፉን እይዛለሁ። ወናፉ ከፍየል ቆዳ የተሠራ ሲሆን ሲነፋ እንደታመመ ሰው ያቃስታል። ከሰሉ በመጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ወደ ብርቱካን ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ነጭ ሊመስል ይደርሳል። አባቴ ያን ጊዜ «በቃ» ይለኛል። ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራል፤ ብረቱ አልታዘዝ ሲለው ግን የሚቆጣው በአገው ቋንቋው፣ በኽምጥኛ ነበር።

ክረምት ሊገባ ሲል ገበሬዎች ማረሻቸውን በአህያ ጭነው ይመጣሉ። «ሞላ የሠራው ማረሻ ድንጋይ አይፈራም» እያሉ አባቴን ያወድሱታል። ውኃ ሲጠማቸው ግን ከእኛ ቤት አይጠጡም፤ ከቤታቸው በቅል ይዘው ይመጣሉ። የእኔ ዘመን ልጆች ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፤ ታናናሾቻችን ላይገባቸው ስለሚችል ልንገር። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባል ነበር። የሚበላ ሰው ካየ በዓይኑ ይወጋዋል፣ ሆዱን ያሳምመዋል ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህ በእረፍት ሰዓት ሴቶቹ ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ፣ ሌሎቹ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ቆሎ ሲበሉ፣ እኔ ቆሎዬን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እቆረጥም ነበር። ማንም «አየችኝ» እንዳይል።

አጠገቤ ለመቀመጥ የማትፈራው ስንዱ ብቻ ነበረች። ሰባተኛ ክፍል ሳለን አንድ ቀን ከእረፍት ስንመለስ ስንዱ ሆዷን ይዛ ወደቀች። በማግስቱ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ከኋላዬ አንድ ነገር ሹራቤን ሲጎትተው ተሰማኝ። ዞር ስል እናቷ እትዬ ወርቄ በአንድ እጃቸው መቀስ፣ በሌላው ከሹራቤ ጫፍ የቆረጡትን ቁራጭ ይዘው ቆመዋል። ቡዳ በላው የተባለን ሰው በበላው ሰው ልብስ ቁራጭ ነበር የሚያጥኑት።

«ልጄን ልቀቂልኝ!» አሉኝ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ እየሰማ።

ስንዱ በሁለተኛው ቀን ዳነች። ጤና ጣቢያ የሰጧትን ኪኒን መዋጧን የሰማሁት ቆይቼ ነው። ያኔ ግን የእሷ መዳን የእኔን ጥፋት አረጋገጠ።

ሹራቤ የተቆረጠ ዕለት ከሰዓት ወናፉን እየነፋሁ «አባ፣ ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አልሄድም» አልኩት።

መዶሻውን አላቆመም። «ዕድሜሽን ሙሉ እዚህ ጭስ ውስጥ ልትኖሪ?» አለኝ።

«እዚህ ልብሴን የሚቆርጥ የለም።»

የቀዘቀዘውን ብረት ፍሙ ውስጥ መልሶ ከተተው።

አራት ቀን ቀረሁ። በአራተኛው ቀን የእንግሊዝኛ መምህራችን ቤታችንን እየጠየቀ መጣ። ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ፣ አቧራ ላይ እየዋለ ጫማውን የሚወለውል ወጣት ነበር። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና «ጌጤ፣ እስቲ ውኃ ስጪኝ» አለኝ። በጣሳ ቀድቼ ሰጠሁት። አባቴ መዶሻውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። መምህሩ ጭልጥ አድርጎ ጠጣና ጣሳውን መልሶ ዘረጋልኝ፤ «ድገሚኝ» አለ።

ሁለተኛውን ጠጥቶ ሲጨርስ ወደ አባቴ ዞረ። «ጋሽ ሞላ፣ እርስዎ እንግሊዝ አገር ቢወለዱ ኖሮ ስምዎ ስሚዝ ይሆን ነበር።»

«ምን ማለት ነው?»

«ቀጥቃጭ።»

የአባቴ ፊት ጠቆረ። ውኃችንን ጠጥቶ የሚሰድበን መሰለው። መምህሩ ቶሎ ብሎ ማስረዳት ጀመረ፤ እኔም ይህን ልማድ ከእሱ ሳልወስድ አልቀረሁም። እኛ የምንጠራው በአባታችን ስም ስለሆነ ስሙ በየትውልዱ ይቀየራል። እኔ ጌጤ ሞላ ነኝ፤ ልጄ ግን ሞላ ተብላ አትጠራም። እንግሊዞች ከቅድመ አያት የሚወርድ አንድ የቤተሰብ ስም አላቸው። በድሮ ዘመን በአንድ መንደር ጆን የሚባል ሰው ስለሚበዛ «የትኛው ጆን?» ሲባል «ቀጥቃጩ»፣ «ዳቦ ጋጋሪው» እያሉ ይለዩት ነበር። የሥራው ስም እየቆየ ለልጅ ልጆቹ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ማረሻና ማጭድ የማያስፈልገው መንደር ስለሌለ ቀጥቃጭ የሌለው መንደር አልነበረም። ለዚህ ነው ዛሬ በእንግሊዝ ከቤተሰብ ስም ሁሉ ስሚዝ የሚበዛው።

«ሁሉም ቀጥቃጭ ከሆነ ማን ያርሳል?» አለ አባቴ።

መምህሩ ሳቀ። «ኧረ አሁንማ ሐኪሙም ዳኛውም ስሚዝ ነው። መዶሻ ነክቶ የማያውቀው ይበዛል።»

«ታዲያ ስሙን አይደብቁትም?»

«በራቸው ላይ ይጽፉታል እንጂ!»

አባቴ ፍሙን ብዙ አየው። «እነሱ ሥራውን ትተው ስሙን ያዙ» አለ በመጨረሻ። «እኛ ሥራውን ይዘን ስሙን እንሸሻለን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሰኞ ትሄጃለሽ።»

ቁጣም ልመናም አልነበረበትም። ብረቱ ሲግል «በቃ» እንደሚለኝ ነው ያለኝ።

ሰኞ ሄድኩ። የተቆረጠውን ሹራቤን ሳልሰፋው ለብሼ ሄድኩ። መምህሩ ስሙን ሰሌዳው ላይ ጽፎ ትርጉሙን ሲናገር ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ሹመት፣ የክፍሉ ቀልደኛ፣ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እንግሊዞችም ቡዳ አላቸው እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። መምህሩ መልስ ሊሰጥ ሲል ቀድሜው ተነሳሁ።

«አላቸው!» አልኩ። «አገሩ በሙሉ ቡዳ ነው። ታዲያ የሚበሉት ሰው ማን እንደቀራቸው አንተ ንገረን!»

እንደገና ተሳቀ፤ ይህኛው ሳቅ ግን በሹመት ላይ ነበር። እኔ አልተቀመጥኩም። «አባቴ ቀጥቃጭ ነው። አባትህ ዘንድሮም ማረሻውን ያሠራው እኛ ቤት ነው። አንተም እየበላህ ያለኸው በዚያው ማረሻ ታርሶ ነው።»

ሹመት ጎንበስ ብሎ ደብተሩን ገለጠ። እኔም ተቀመጥኩ።

ሁሉ ነገር በአንድ ቀን ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። እትዬ ወርቄ ስንዱን ከአጠገቤ አስነስተው ፊት ወንበር አስቀመጧት። ስንዱ አንዳንዴ ዞር ብላ ታየኛለች፤ ይቅርታ ይሁን ፍርሃት እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ዓመቱን ሙሉ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ግን አልቀረሁም። ያን ዓመትም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ መምህር ሆኜ ወደዚያው ሰቆጣ እስክመለስ ድረስ አንድም ቀን አልቀረሁም።

አሁን ጊዜው ሌላ ነው። በአስፋልቱ ዳር የብየዳ ቤቶች ተደርድረዋል። ወጣቶቹ ጥቁር መነጽር አድርገው የብረት በር ይሠራሉ፣ የተሰበረ ባጃጅ ይበይዳሉ። እነሱም ብረትን በእሳት ነው የሚያሸንፉት፤ ቡዳ የሚላቸው ግን የለም፤ እንዲያውም ልጇን ልትድርላቸው የምትመኝ እናት ብዙ ናት። አባቴ አርጅቷል። ማረሻም ተሠርቶ ያለቀው በመኪና ተጭኖ ከወልዲያ ይመጣል። የሚቆጨኝ ንቀቱ ሳይጠፋ የእኛ እሳት ቀድሞ መጥፋቱ ነው።

ባለፈው ሰሞን አባቴ ሳል ጠናበትና ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ካርድ የምታወጣው ልጅ ስሙንና ዕድሜውን ከጻፈች በኋላ «ሥራ?» አለች። አፌ በልማድ «ገበሬ» ሊል ተከፈተ። አባቴ እኔን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግብ ያስጻፈው ቃል እሱ ነበር። በየዓመቱ ሰሌዳ ፊት ቆሜ የማስተምረው እኔ፣ ያኔ የሸሸነውን ልሸሽ ስል አባቴ ቀደመኝ።

«ቀጥቃጭ» አለ፤ ሳሉ እያቋረጠው፣ ግን ጮክ ብሎ።

ተራ ከሚጠብቁት አንዲት እናት ነጠላዋን በሕፃኗ ፊት ላይ ሳብ አደረገች። ከጎኗ የነበረ አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ሞላ፣ አንተ ነህ እንዴ? ና፣ እዚህ አረፍ በል» ብሎ ጠጋ አለለት። ልጅ ብሆን መሬት መሬት እያየሁ እስኪያልፍልኝ እጠብቅ ነበር። አሁን ግን በመስኮቱ ተደግፌ የልጅቷን እስክርቢቶ አየሁ። ቃሉን እስከ መጨረሻው ፊደል እስክትጽፈው ድረስ ከዚያ አልተነቃነቅኩም።