በአህያ ሞት ገበያ የፈታሁት ጠፍር

በእኛ በወላይታ ዓመቱ የሚያልቀው መስከረም ላይ፣ ጊፋታ ሲገባ ነው። ከበዓሉ በፊት የሚውለውን ትልቅ ገበያ «የአህያ ሞት» ይሉታል፤ ጭነቱ ከመብዛቱ አህያ ይሞትበታል ለማለት። ስሙን ያወጣው ሰው ልብስ ሰፊ አላየም። አህያ እንኳ ሲበዛባት መሬት ላይ ተዘርግታ አልነሣም ትላለች። እኔ ግን ሶዶ ላይ፣ ከአንድ የስልጤ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ የእግር ስፌት መኪናዬን ተክዬ፣ ለመጣው ሁሉ «እሺ» እል ነበር።

ዓመቱን ሙሉ ራቁቱን የከረመ ይመስል፣ አገሩ ሁሉ ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣው በዚያ ገበያ ነው። ሰዉ ከገሱባና ከተበላ ከተሞች ሳይቀር ይጎርፋል። ፊደል የቆጠርኩት የልጆች አባት ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ያኔ የሰዉን ወገብና ቁመት የምይዘው በጭንቅላቴ ነበር። ሥራ ሲደራረብ የአንዱ ወገብ ከሌላው ቁመት ይጋባል። ለአንድ ድንክ ሰባኪ የረጅም ሰው ሱሪ ሰፍቼለት፣ እስከ ብብቱ ስቦ ታጥቆት ጸሎት ቤት ገባ።

እንዲህ ስባትል ከርሜ በበዓሉ ቀን እወድቃለሁ። ዓመቱን ሙሉ አዋጥተን የገዛነው በሬ ታርዶ ሥጋው ፊቴ ይቀመጣል፤ እኔ በትኩሳት እንቀጠቀጣለሁ። ጎረቤቶቼ ሊጠይቁኝ ይመጡና አልጋዬ ዳር ተቀምጠው ድርሻዬን በሚያቃጥል ዳጣ እያጠቀሱ «እግዜር ይማርህ» ይሉኛል። አፋቸው ሙሉ ስለሆነ ምርቃቱም በቅጡ አይሰማም።

አንድ ዓመት ሚስቴ ቁርጡን ነገረችኝ።

«አንተ ሰው፣ ዘንድሮም ከተኛህ በሬ ማዋጣቱን ተው። ሥጋው ለሌላ ሰው ከሆነ እኔም ሥጋ የምትወድ እናት አለችኝ።»

ተናደድኩ፤ እውነት ስለሆነ። ቀደም ብዬ የተቀበልኩትን ሥራ ጨርሼ አስረከብኩ። የአህያ ሞት ገበያ ዕለት ጠዋት የመኪናውን መዘውር የሚያዞረውን የቆዳ ጠፍር ፈትቼ ሰጠኋት።

«ጊፋታ ሳያልፍ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።»

ባዶ እጄን በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣው የወረዳው ጸሐፊ ነበር፤ ካኪ ይዟል።

«ኮት ነው፤ ለበዓሉ።»

«መኪናው ታሟል፣ ጌታዬ።»

«ምን ሆኖ?»

«እንደኔ ነው፤ በጊፋታ ይተኛል።»

ሳይስቅ ሄደ። ከኋላው የመጡትንም እንደዚያው መለስኳቸው። እኔ ካልሰፋሁ ጨርቅ የሚገዛ የለምና ባለሱቁ ከውስጥ ጮኸ።

«በረንዳዬን ለመጎለቻ ነው የሰጠሁህ?»

«ለመሞቻም አልሰጠኸኝም» አልኩት።

በእኛ ዘንድ ቂም ይዞ አዲስ ዓመት መሻገር ነውር ነው። የተጣላ ሁሉ ከበዓሉ በፊት ሽማግሌ ፊት ይታረቃል። ስለዚህ የመለስኳቸው ሁሉ፣ ባለሱቁም ጭምር፣ ተሰብስበው ከሰሱኝ። ጥርሳቸው ያለቀ የሰፈራችን ሽማግሌ እስከ መጨረሻው ሰምተው ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

«ዓምና ሰፍቶልህ ነበር?»

«ሰፍቶልኛል፣ አባ። አንዱ እጅጌ ክርኔ ላይ ቀረ እንጂ።»

«ታዲያ ተጣላችሁ?»

«ተጣላን። እርስዎ ነዎት ያስታረቁን።»

«ዘንድሮስ?»

«አልሰፋም ብሎ ተጣላን።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቢሰፋም ትጣላላችሁ፣ ባይሰፋም ትጣላላችሁ። ማስታረቁ ለእኔ ያው ነው። እንግዲያው ጤነኛ ሆኖ ይታረቃችሁ!»

መጀመሪያ የሳቀው ባለሱቁ ነው። ከታረቅኳቸው ሁሉ እሱን ወደድኩት፤ ክርስቲያን ያረደውን ስለማይበላ ድርሻዬን አይሻማኝም።

በበዓሉ ሥጋዬን በገዛ ጥርሴ አኘክሁ። ጎረቤቶቼ እንደ ልማዳቸው ሊጠይቁኝ መጡ። ቢላዋ ይዤ ሲያየኝ አንደኛው «ተሽሎሃል እንዴ?» አለኝ፤ ያዘነው ከልቡ ነው።

በዓሉ ሲያልፍ ሚስቴን ጠፍሩን አምጪ አልኳት። በአገጯ ወደ ጓሮ ጠቆመችኝ። ጥጃችን ታስራበት ትግጣለች።

«ትጥገብ መጀመሪያ» አለች።

እኔም አልቸኮልኩም።