በግራ እጅ የተሠራው ቆብ

ከትናንት ወዲያ፣ ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የአጸደ የልጅ ልጅ ሳሮን አንድ ድብልብል ነጭ ክርና አዲስ ኪሮሽ ይዛ ቤቴ መጣች። አጸደ የአጎቴ ልጅ ናት። ሁለታችንም የምንኖረው እዚሁ መካነ ኢየሱስ ነው፤ በልቅሶና በክርስትና ካልሆነ ግን አንገናኝም።

«እማማ፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ ቆብ ቪዲዮ አገኘሁ» ብላ ስልኳን አሳየችኝ። «ለአያቴ የገና ስጦታ ነው። ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ ይኸው ሦስቴ ሠርቼ ሦስቴ ፈታሁት።»

«አያትሽ አታሳይሽም?»

«ሰርፕራይዝ ነዋ! ደግሞ እሷ ፊት እንዴት ደፍሬ? በልጅነቷ ለቄስ ቆብ ሠርታ እንዴት እንደተመረቀች ስንቴ ነግራናለች መሰልዎ!»

ክሩን ተቀብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት። ያንን ነገር ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላም እንደምታወራው አላውቅም ነበር። እኔ ለማንም አውርቼው አላውቅም። እንግዲህ ተራው የእኔ ይሁን።

ያን ጊዜ ስድስተኛ ክፍል ነበርሁ። የተወለድሁት ስማዳ ነው፤ ከወረዳው ከተማ ከወገዳ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ። አባቴ ሲሞት አጎቴ ወደዚህ አምጥቶ ከአጸደ ጋር ትምህርት ቤት አስገባኝ። አንድ ቁርበት ላይ እየተኛን፣ አንድ እርሳስ ለሁለት ቆርጠን እየጻፍን አደግን። ከእሷ የሚለየኝ ግራኝ መሆኔ ነበር። እናቴ ግራ እጄን በመቀነት ጠርንፋ ልታስተወኝ ሞክራለች። የአጎቴ ሚስት እትዬ ጠጄ ደግሞ በግራዬ ጨው ሳቀብል ካየች «በግራ የተሰጠ አይባረክም!» ብላ ጣቴን ትመታው ነበር። ስለዚህ ሰው ፊት ሁሉን በቀኜ መሥራት ተማርሁ፤ መጻፉንም፣ የእጅ ሥራ መምህራችን ያሳየችንን ኪሮሽም። በቀኜ ስሠራ ግን እንደ እርጥብ እንጨት ነበርሁ፤ ጭስ እንጂ እሳት የለኝም።

ገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ለገበያ የመጣ ያገራችን ሰው የወንድሜን መልእክት አደረሰ። ለትዳር ተጠይቄያለሁ፤ ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ከገና ማግስት ተነሥቼ ልምጣ። አጎቴ «ወንድምሽ ካለ እኔ ምን አደርጋለሁ?» አለ። ወንድሜን ሊመልሰው የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር። መምሬ ካሴ እስከ ቤተ ልሔም የድጓ ጉባኤ ዘልቀው የተማሩ፣ የአጎቴም የእኛም ቤት የነፍስ አባት ናቸው። እሳቸው «ተው» ካሉ ወንድሜ ቃላቸውን አይሻገርም። በየዓመቱ በገና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ አጎቴ ቤት ይመጡ ነበር። በባዶ እጄ ግን ምን ብዬ ልለምናቸው? ማኅሌት ሲቆሙ ብርዱ ጆሯቸውን እንደሚያማቸው ሰምቼ ነበርና ቆብ እሠራላቸዋለሁ አልሁ።

ክር አልነበረኝም። ያለኝን አንድ ጥቁር ሹራብ ተረተርሁት። ታኅሣሥ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይነጣል። በቀኜ ብሠራው ሳምንት ይፈጃል፣ የቀረኝ ደግሞ ሁለት ቀን ነው። ከአውድማው ጀርባ፣ ከገብሱ ክምር ሥር ፀሐይ ተጠግቼ ኪሮሹን በግራዬ ያዝሁት። ወዲያ በሬዎች እህል ያበራያሉ፣ የጭዱ ብናኝ አፍንጫ ይኮረኩራል። ጣቶቼ ከእስር እንደተፈታ ጥጃ ሆኑ።

አጸደ ደረሰችብኝ።

«ወይ ጉድ! ለመምሬ ቆብ በግራሽ? እናቴ ብትሰማ ታርድሻለች!»

«አትንገሪብኝማ!»

«ምን ትሰጭኛለሽ?»

«ምን አለኝ? ሹራቤንም ተርትሬዋለሁ።»

ሳቀች። ሄዳ እሸት ሽምብራ ታቅፋ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። እጄ ሥራ እንደያዘ እየፈለፈለች ታጎርሰኝ ጀመር። የእሸቱ ጨው ጨው የሚል ነገር አሁንም ከንፈሬ ላይ አለ። ሁለቱንም ቀን እንዲሁ ዋልን። ቆቡን ለምን እንደምሠራው ነገርኋት። እሷም እናቷ «ከዘንድሮ ወዲያ ትምህርት ይበቃሻል» እንዳለቻት ነገረችኝ። እንደነዚያ ሁለት ቀናት የጣፈጠ ጊዜ ብዙ የለኝም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

የገና ዕለት መምሬ መጡ፤ ማዕዱን ባረኩ፣ ዶሮው ተበላ። ቆቡን ከመደቡ ሥር ደብቄ ጊዜ እጠብቃለሁ። እትዬ ጠጄ «የእጅ ውሃ አምጪ» አለችኝና ወጣሁ። ማንቆርቆሪያውን ይዤ ስመለስ አጸደ መምሬ ፊት ተንበርክካለች። ቆቡ በመምሬ እጅ ነው።

«ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

ጥምጥማቸውን አውርደው አጠለቁት፤ ልክ ሆነ። «እሰይ የኔ ልጅ! ይህ እጅ ይባረክ!» አሉና ወደ አጎቴ ዞሩ። «ስማ፣ ይህችን ልጅ ከትምህርት ብታስቀራት አልፈታህም።» እትዬ ጠጄ እልልታዋን አቀለጠችው።

አፌን ልከፍት ነበር። አጸደ ዘወር አለች፤ የተመለከተችው ግን ፊቴን ሳይሆን ግራ እጄን ነው። ገባኝ። የእኔ ነው ብል ሠርተሽ አሳዪ ይሉኛል። በቀኜ ብይዝ ያን የመሰለ አይወጣልኝም፤ በግራዬ ብይዝ ደግሞ፣ በዓመት በዓል፣ በነፍስ አባቴ ራስ ላይ የግራ እጅ ሥራ አኖርሁ ማለት ነው።

መምሬ ሊታጠቡ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «አንቺስ የስማዳዋ፣ ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?» አሉ እየቀለዱ።

«ውሃ፣ አባ።»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ሳቅ በኋላ ልመና ከአፌ አልወጣም። ጓዳ ስንገባ አጸደ በጆሮዬ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለችኝ።

በማግስቱ ያለ ሹራብ ወደ ስማዳ መንገድ ጀመርሁ፤ ጥር ሳይወጣ ተዳርሁ። አጸደ ተምራ መምህርት ሆነች። እኔ ባሌ ሲሞት ወደዚህ ተመልሼ፣ ሹራብና ቆብ እየሠራሁ ልጆቼን አሳደግሁ፤ በግራዬ። ሰው የሰው ዕድል አይወስድም ይላሉ። እኔ ግን ስትወስድ አይቻለሁ።

ሳሮን አጠገቤ ቁጭ ብላ ስሠራ ስታይ ቆየችና «እማማ፣ ግራኝ ነዎት እንዴ?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«ቪዲዮው ላይ ወዲህ ነው የሚዞረው፤ የእርስዎ ወዲያ ሄደ።»

«በግራ ሲሠራ እንዲያ ነው። የሚያውቅ ሰው ያየዋል።»

ቆቡ ትናንት አለቀ። አጥልቃ ሞከረችውና «ራሴ ነኝ የሠራሁት ብላትስ?» አለች እየሳቀች።

«በያት። በቤታችሁ የተለመደ ነው» አልኋት። አልገባትም።

ስትሄድ፣ ከገበያ ያመጣሁትን አንድ እስር እሸት ሽምብራ ከቆቡ ጋር አስያዝኋት። ነገ ገና ነው። አጸደ ቆቡን ገልብጣ ክሩ ወዴት እንደዞረ ታያለች፤ ማን ሠራው ብላ ለመጠየቅ ግን አፍ አይኖራትም። እሸቱ ለምን እንደተላከም ታውቃለች። ከክምሩ ሥር ያጎረሰችኝ እሷ ናት። ያ የእሷ ነው፤ አልክዳትም።