ልጄን ለድንጋይ ልዳር?

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ድንች መላጥ ነበር። ለምሳ አልጫ አስቤ ድንቹን በሳፋ አድርጌ በረንዳው ላይ አስቀመጥኩና አንዱን ቢላዋ ለባለቤቴ ሰጠሁት። እኔ ግማሹን ስጨርስ እሱ አንዷን ድንች ገና ያገላብጣል።

«እያት እስቲ፣ ወገቧ ጋ የሰረጎደችውን። ቁርጥ እነሱን!» አለኝ።

«ላጣት ባክህ። አልጫ ቅርጻ ቅርጽ አይፈልግም።»

ስቆ ላጣት። በማግስቱ ጠዋት ልቡ ቀጥ አለ።

«እነሱ» የሚላቸው አስትሮይዶችን ነው፤ በማርስና በጁፒተር መካከል ሆነው ፀሐይን የሚዞሩትን ድንጋዮች። ሰው ሰማይ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ክብ ይመስለዋል። ከእነሱ አብዛኞቹ ግን ከማዳበሪያ የተዘረገፈ ድንች ነው የሚመስሉት። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ እነሱን ሲቀርጽ ኖረ። ሥራ ብሎ የሰጠው ሰው አልነበረም፤ ተው ያለው ግን ነበር፤ ስለዚያ ነው የምጽፈው።

እንጀራው ሌላ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ሀዋሳ ገና አዋሳ ስትባል፣ መፈክር የሚጽፍ ሰው ሥራ አይፈታም። ዛሬ ቀበሌው፣ ነገ የሴቶች ማኅበሩ፣ ከነገ ወዲያ ወጣቶቹ ቀይ ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ። ፊደሉ ቀጥ ያለ ነበር፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ቀለም ግን በእሁድ እንኳ አይለቅም። ሥራ ሲቀዘቅዝ በሀይቁ ዳር ወደ ቡሹሎ አቅጣጫ ይሄድና ያንን ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ቀላል ድንጋይ ይለቅማል። የኛ ከተማ ሰው ተረከዙን ይፈገፍግበታል። እሱ በቢላዋ ይቀርጸዋል፣ በሞረድ ያስተካክለዋል፣ በሚስማር ጉድጓድ በጉድጓድ ያደርገዋል፤ ከዚያ በጥቁር ክር አስሮ ከመሥሪያ ክፍሉ ኮርኒስ ላይ ያንጠለጥለዋል።

ክሩን የሚገዛው ከኛ ነበር። እናቴ ገበያው ውስጥ ነጠላ፣ ጥለትና ክር የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም፤ እሷን አግዛለሁ። ክር ሊገዛ እየመጣ ብዙ ይቆይ ጀመር።

«ይሄ ልጅ የሚሰፋው ምንድን ነው?» አለች እናቴ አንድ ቀን ሲወጣ። «ልብሱን እንደሆነ አልሰፋውም።»

አንድ ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር መሥሪያ ክፍሉ እንደመጡ እየሳቀ አወራልን። ሰውየው መፈክር ሊያዩ ገብተው ቀና ሲሉ ድንጋይ ተንጠልጥሏል።

«ጓድ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አስትሮይዶች ናቸው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ብዙ ሰው የፈነዳ ፕላኔት ስብርባሪ ይመስሉታል፤ አይደሉም። አንድ ፕላኔት ሊሆኑ ሲሰባሰቡ ጁፒተር በስበቱ እያመሰ አላገጣጥም ያላቸው ናቸው።»

ሊቀመንበሩ አገጫቸውን አሻሹ። «አልተደራጁም በለኛ!»

«አልተደራጁም።»

«ጁፒተር ደግሞ ከፋፍለህ ግዛ ነው የያዘው።»

«እንደሱም ማለት ይቻላል።»

«ኢምፔሪያሊስት!» አሉ ወደ ኮርኒሱ እያዩ። «ይሰቀሉ። ሰፊውን ሕዝብ ያስተምራሉ።»

ቀበሌው ፈቀደ። እናቴ ግን ከቀበሌው ትጠነክር ነበር።

ሽማግሌ ሲልክ እናቴ የሁለታችንን ስም ይዛ ቱላ አጠገብ ያለ ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ ሄደች። የኔ ኮከብ እሳት፣ የሱ ውሃ ሆኖ ተገኘ። «እሳትና ውሃ ምን ቤት ይሠራሉ?» አለቻቸው ሽማግሌዎቹን። «ደግሞስ ትልቅ ሰው ድንጋይ ሲሞርድ ይውላል? መጀመሪያ ድንጋዩን ይተው። ስለ ኮከቡ ያኔ እንነጋገራለን።»

እኔ ሁለት ነገር ፈራሁ። አልተውም ብሎ እንዳላጣው ፈራሁ። ትቶት ሌላ ሰው ሆኖ እንዳላገባውም ፈራሁ። የትኛው እንደሚብስ ሳሰላስል ሳምንቱ አለፈ።

መልሱን በሽማግሌ መላክ ሲገባው ራሱ ሱቁ በር ላይ ቆመ።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ሽማግሌ የላከ ሰው በእግሩ አይመጣም።»

«ክር አልቆብኝ ነው።»

እናቴ ሳትወድ ጥቅሉን አወረደች። «ኮከባችሁ አይገጥምም። ነግረውህ የለ?»

«ነግረውኛል። ግን እኮ ኮከብ ቆጣሪው ከሩቅ ነው ያየን።» ከኪሱ አንዷን ድንጋይ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። «እነዚህንም መጀመሪያ በመነጽር ያዩአቸው ሰዎች የብርሃን ነጥብ ብቻ ስለታያቸው ኮከብ መሳይ አሏቸው። አስትሮይድ ማለት እሱ ነው። ኋላ ሲጣራ ድንጋይ ናቸው። እኔም ኮከብ አይደለሁም፣ እማማ። ቀረብ ብለው ቢያዩኝ ድንጋይ ነኝ።»

«ታዲያ ልጄን ለድንጋይ ልዳር?»

እኔ ጥጉ ጋ ሆኜ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ከተትኩ። እሱ ሌሊቱን ያጠናው ንግግር እዚያው ላይ ተበጠሰበት። እናቴ ድንጋዩን አንስታ በአውራ ጣቷ ፈተገችው።

«እኔ እኮ በዚህ ተረከዜን ነው የምፈገፍገው።»

«ያው ነው፣ እማማ።»

«ብዙ ናቸው?»

«በጣም ብዙ። ግን ሁሉም ቢሰበሰቡ ጨረቃችንን አያህሉም። ደግሞ ተራርቀው ነው ያሉት። መንኮራኩር በመሃላቸው ቢያልፍ አንዱንም ሳያገኝ ሊወጣ ይችላል።»

«አይጋጩም?»

«አልፎ አልፎ ነው።»

«ከኔ ጎረቤቶች ይሻላሉ» አለች። ከዚያ ፊቷ ጠበቅ አለ። «ድንጋዩን ተው ብዬህ ነበር።»

እኔን አላየኝም። «ተውኩ ማለት አይከብደኝም» አለ። «ግን ዛሬ ተውኩ ብዬዎት፣ ከሠርጉ በኋላ አልጋ ሥር ያገኙታል።»

እናቴ መቀሱን አነሳች። አባቴ በሕይወት ሳለ በየዓመቱ ጠጅ አልጠጣም ብሎ ይምል ነበር፤ እናቴም በየዓመቱ ታምነው ነበር። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«የዚች አባት ሲምል ታቦቱ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለችው። «በሳምንቱ ተደግፎ ይገባል። ድንጋይ እንኳ ሰክሮ አይገባም።» ክሩን ከወትሮው አስረዝማ ቆረጠችለት።

የኮከቡ ነገር ግን ገና አላለቀም ነበር። በማግስቱ ቱላ ተመልሳ ሄደችና ለኮከብ ቆጣሪው የእጮኛዬን የቤት ስም ሰጠችው። በቤት ስሙ መሬት ወጣ፤ ገጠመ።

«እማዬ፣ ይሄ ማታለል አይደለም?»

«ማንን አታለልኩ? እናቱ በሱ አይደል የምትጠራው?»

ስለዚህ ተጋባን። ድንጋዮቹም ከኔ ጋር አብረው ገቡ። እናቴ ልትጠይቀን ስትመጣ እግሯን ስትታጠብ መስኮቱ ላይ ካሉት አንዷን ታነሳና «ይቺኛዋ ለስላሳ ናት» ትላለች፤ እሱ እየተቅለሰለሰ ያልተቀረጸ ይሰጣታል። ደርግ ወርዶ መፈክሩ ሲቀር የምግብ ቤትና የፀጉር ቤት ማስታወቂያ ጻፈ። አንድ ቀን በሬዲዮ፣ ከአስትሮይዶቹ አንዷ የራሷ ትንሽ ጨረቃ እንዳላት ሰማና የዘመድ ምሥራች እንደሰማ ሰው «ወልዳለች!» እያለ ወጥ ቤት ገባ። ያን ቀን ሽንኩርቱን አሳረረብኝ።

ልጆቻችን ከለቅሶው በኋላ ድንጋዮቹን ተካፈሉ፤ ለትምህርት ቤትም የሰጡት አለ። ጀምሮ ያልጨረሳቸውን ግን እንዳይነኩ ነገርኳቸው። እኔም አልነካኋቸውም። እሱ የተዋቸው ስለማይመስለኝ ነው፤ ያ እጅ ድሮም ትቶ አያውቅም፣ እናቴ ተው ስትለው እንኳ።

እኔ የራሴን ጀምሬያለሁ። የብርጭቆ ወረቀት ገዛሁ፤ ሞረዱ አለ። ጠዋት ፀሐይዋ በረንዳው ላይ ስትደርስ ተቀምጬ ድንጋይ እቀርጻለሁ።