በቅሎ አይደለችም

ልጄ አዲሷን ሞተሯን በአውራ ጣቷ ብቻ አስነስታ፣ «እማ፣ ነይ ተፈናጠጪ፤ አቀስታ እህትሽ ዘንድ ላድርስሽ» አለችኝ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። የቤንዚኑ ሽታ ግን አጎቴን አመጣብኝ።

አጎቴ የከብት ሐኪም ነበሩ። በየጥቂት ዓመቱ የአንድ ዓይነት ሞተር አዲስ ስሪት እየነዱ መካነ ሰላም ይመጡልን ነበር። የመጀመሪያዋ በእርግጫ ካልሆነ አትነሳም፤ ሁለተኛዋ ፍሬኗ በረታ፤ ሦስተኛዋ ፊቷ ላይ የንፋስ መስታወት አበቀለች። «ይቺስ ልትዳር ነው፤ በመጣች ቁጥር ታምራለች!» አለ አባቴ።

በሦስተኛዋ እኔን አፈናጠጡኝ። መታጠፊያው ላይ ሞተሯ ወደ ገደሉ ስታዘነብል፣ በቅሎ ላይ እንደለመድኩት ወደ ሌላው ጎን ሸሸሁ። ተንገዳገድን።

«ኧረ በቅሎ አይደለችም! አብሽሪ፣ ስታዘነብል አብረሻት አዘንብዪ፤ የሚጥለን መሸሽሽ ነው!» ብለው ጮኹ።

ሰው እንዴት ወደ ገደል እንደሚያዘነብል አልገባኝም። ግን ወገባቸውን ይዤ አዘነበልኩ፤ ሞተሯ እንደ ጭልፊት ታጠፈች፤ እኔም እልል አልኩ።

ዛሬም እየፈራሁ ተፈናጠጥኩ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ከልጄ ጋር አዘነበልኩ።

«ኧረ እማ! ማን አስተማረሽ?»

«ዝም ብለሽ ንጂ!» አልኳትና እልልታዬን አቀለጥኩት።